ያለ አፈር ሰላጣ ሸጠን ቤተ መጻሕፍት እናድሳለን?

ጥያቄው ከአዳማ ነው፦ «በአንድ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሳይንስ ክበብ ተጠሪ ነኝ። ግቢያችን ጠባብ ነው፣ አብዛኛው ሲሚንቶ ነው። ቤተ መጻሕፍታችንን ለማደስ ገንዘብ ስናፈላልግ አንድ ሰው 300 ተክል የሚይዝ፣ በፒቪሲ ቱቦና በፓምፕ የሚሠራ ሃይድሮፖኒክስ (ያለ አፈር በውኃ ማብቀያ) ልግጠምላችሁ ብሎ መጣ። ውኃ 90 በመቶ ይቆጥባል፣ ተባይ የለበትም፣ ኦርጋኒክ ነው፣ በየወሩ ትሸጣላችሁ አለን። ወላጆች አዋጥተን እንግዛ እያሉ ነው፣ እኔ ግን ፈራሁ። ያዋጣል? ምን እንትከል? የዩሪያና የኤንፒኤስ ማዳበሪያ ከገበሬ ማኅበር ብናገኝ ይበቃል?»

ፓምፑን አትግዙ። ቢያንስ ዘንድሮ አትግዙ። ሰውየው ዋሽቷችኋል እያልኩ አይደለም፣ ከተናገረው ውስጥ እውነትም አለበት። ግን እውነቱ ለሌላ ቦታ የሚሠራ እንጂ ለእናንተ ግቢ የሚሆን አይደለም።

ከውኃው እንጀምር። ብጥብጡ፣ ማለትም ማዳበሪያ የተበጠበጠበት ውኃ፣ እየዞረ የሚመለስበት ሃይድሮፖኒክስ በቦይ ከሚጠጣ ማሳ ጋር ሲነጻጸር እስከ 90 በመቶ ውኃ ሊቆጥብ ይችላል፣ ይሄ እውነት ነው። እናንተ ግን ማሳ የላችሁም። የምትቆጥቡት ውኃ ስለሌለ ቁጥሩ ለእናንተ ትርጉም የለውም፤ እንዲያውም እስከ ዛሬ ያላወጣችሁትን ውኃ ልታወጡ ነው። ደግነቱ ብዙ አይደለም። አንድ ራስ ሰላጣ ከችግኝነቱ እስኪለቀም አራት ሊትር አካባቢ ይበቃዋል። መቶ ራስ ማለት ሁለት በርሜል ውኃ ነው።

ተባይ የለበትም የሚለው ደግሞ ጨርሶ ትክክል አይደለም። ከአፈር የሚመጣው ይቀራል፣ በርሮ የሚመጣው ግን የት ይሄዳል? ክሽክሽና ነጭ ዝንብ ሰላጣው ቱቦ ላይ ይብቀል መሬት ላይ ግድ የላቸውም። በየሁለት ቀኑ ቅጠሉን ገልብጦ ማየት የተማሪዎቹ ሥራ ይሁን። ሲገኝ በእጅ ማጥፋት፣ ከበዛ ደግሞ በጣም በቀጠነ የሳሙና ውኃ ፀሐይ ስትበርድ ማጠብ ነው። ሕፃናት በሚውሉበት ግቢ ፀረ ተባይ መርጨት አይታሰብም። ኦርጋኒክ ነው የሚለውንም ተዉት፣ ተክሉ የሚበላው የፋብሪካ ማዳበሪያ ነው። ነውር የለውም፣ ግን ወላጅ ፊት ቆማችሁ ኦርጋኒክ ብላችሁ አትሽጡ። «በንጹሕ ውኃ የበቀለ፣ መድኃኒት ያልተረጨበት» ማለት ይበቃል፣ እውነትም ነው።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ ፓምፑ። ሊሸጥላችሁ የመጣው ዓይነት ሥርዓት ውስጥ ሥሩ ባዶ ቱቦ ውስጥ ተንጠልጥሎ ከታች ቀጭን ውኃ ይፈስለታል። ውኃው ከቆመ ሥሩ የሚጠጣው የለውም። አዳማ ላይ በመጋቢት ወር፣ ቀን ሰባት ሰዓት ላይ መብራት ጠፍቶ ሁለት ሦስት ሰዓት ቢቆይ የሁለት ወር ልፋት ያን ቀን ይጠወልጋል። መብራት የሚጠፋው ደግሞ ቅዳሜና እሑድም ነው፣ ያኔ ግቢው ውስጥ ያለው የጥበቃ ሠራተኛው ብቻ ነው። እሱን የፓምፕ ኃላፊ ልታደርጉት ነው? መብራቱ ባይጠፋ እንኳ ሙቀቱ አለ። ፀሐይ ላይ የተዘረጋ ቱቦ ውስጡ ያለውን ውኃ ቶሎ ያሞቀዋል። ለሰላጣ ሥር ጥሩ የሚባለው ከ18 እስከ 22 ዲግሪ ነው። 25ን ሲያልፍ ውኃው ውስጥ ያለው ኦክስጅን ይቀንሳል፣ የሥር አበስባሽ በሽታም ይመጣል። ጤነኛ ሥር ነጭ ነው። የታመመውን በሁለት ጣት ይዛችሁ ሳብ ብታደርጉት ቡናማው ልጥ እንደ ካልሲ ይወልቅና ቀጭን ክር እጃችሁ ላይ ይቀራል። ውኃው እየዞረ ስለሆነ ደግሞ አንዱ ከታመመ 300ውም ያንኑ ውኃ ነው የሚጠጣው።

ታዲያ ሃይድሮፖኒክስን ተዉት እያልኩ ነው? አይደለም። ያለ ፓምፕ፣ ያለ መብራት የሚሠራ መንገድ አለ። የሃዋይ ዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ በርናርድ ክራትኪ ያስተዋወቁት ነው፣ በስማቸው «ክራትኪ» ይባላል። አሠራሩ ቀላል ነው። ብርሃን የማያስገባ ዕቃ በብጥብጥ ይሞላል፣ ተክሉ ከላይ በቀዳዳ ይቀመጣል፣ ሥሩ ወደ ውኃው ይወርዳል። ተክሉ እየጠጣ ውኃው ዝቅ ሲል ከላይ ባዶ ቦታ ይፈጠራል፣ እዚያ ባዶ ቦታ ላይ የቀረው የሥር ክፍል አየር ይስባል፣ የታችኛው ይጠጣል። በቃ።

ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ውኃው ሲጎድል ያዩ ልጆች አዝነው እስከ አፉ ይሞሉታል። አየር የለመደው ሥር ሰጥሞ ይታፈናል፣ በጥቂት ቀን ውስጥ ተክሉ ውኃ ውስጥ ቆሞ ይጠወልጋል፣ ልጆቹም «ውኃ አነሰው» ብለው ይጨምሩለታል። ሰላጣ ከሆነና መጀመሪያ በቂ ውኃ ከያዘ ምንም አትጨምሩ። መጨመር ግድ ከሆነ ከዕቃው ግማሽ አታሳልፉ። ይሄን በትልቁ ጽፋችሁ ለጥፉት።

ዕቃው ምን ይሁን? ባለ 20 ሊትር ቢጫ የዘይት ጀሪካን። በየቤቱ አለ፣ ወላጆች በነፃ ያመጡላችኋል። በጎኑ አስተኙት፣ ክዳኑን ግጠሙት፣ ከላይ በተገለበጠው ጎን አራት ቀዳዳ አውጡለት፣ ይሄን አዋቂ ይሥራው። ቢጫው ፕላስቲክ ብርሃን ስለሚያሳልፍ ውስጡ አረንጓዴ ዝቃጭ ይሞላል፣ ስለዚህ መጀመሪያ ጥቁር፣ ከላይ ደግሞ እንዳይሞቅ ነጭ ቀለም ቀቡት። በቀዳዳው ልክ የሚቆም የፕላስቲክ ኩባያ ታቹን በስታችሁ ፑሚስ ሙሉበት። ፑሚስ እናንተ አካባቢ ብሎኬት የሚመረትበት ነገር ነው፣ ማንም ብሎኬት አምራች አንድ ማዳበሪያ ጆንያ ሙሉ ቢሰጣችሁ አይጎዳም። አዋራው እስኪለቅ አጥቡት። የቀለም ባልዲ፣ ነዳጅ ወይም ኬሚካል የነበረበት ጀሪካን ግን በሳሙና ቢታጠብም አይሆንም፣ ልጆች የሚበሉት ነገር ነው። ቀዳዳዎቹ ዙሪያ ክፍተት አትተዉ። አዳማ ወባ ያለባት ከተማ ናት። ከዚያ በላይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2016 አገራችን ውስጥ መኖሯ የታወቀው አኖፌለስ ስቴፈንሲ የምትባለው ትንኝ የምትራባው በከተማ ውስጥ በርሜልና ታንከር በመሰለ የውኃ ዕቃ ነው። ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ 25 ክፍት ጀሪካን ደርድራችሁ ጤና ጣቢያው ቢመጣባችሁ ተከራክራችሁ አትረቱም።

ዩሪያና ኤንፒኤስ አይሆንም። ዩሪያ አፈር ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ተሕዋስያን ለውጠውት ነው ተክሉ በደንብ የሚጠቀምበት። ጀሪካን ውስጥ እነሱ በበቂ የሉም። ኤንፒኤስ ለአፈር የተሠራ ስለሆነ በደንብ አይሟሟም፣ ከታች ይዘቅጣል። ሁለቱን ደባልቃችሁ እንኳ ፖታሺየም፣ ካልሲየም፣ ማግኒዥየም፣ ብረት የለም። የሚያስፈልጋችሁ ለግሪን ሃውስ የሚሸጠው ሙሉ በሙሉ የሚሟሟው ዓይነት ነው። የተለመደው ልኬት ለ100 ሊትር ውኃ 60 ግራም ካልሲየም ናይትሬት፣ 60 ግራም ናይትሮጅኑ አነስ ብሎ ፖታሺየሙ የበዛ፣ ብረትና ሌሎቹን ጥቃቅን ማዕድናት የያዘ ድብልቅ፣ እንዲሁም 30 ግራም ማግኒዥየም ሰልፌት ነው። 20-20-20 የሚል የተጻፈበትን ማዳበሪያ አትተኩበት፣ ናይትሮጅኑ በብዛት ዩሪያ ነው። እያንዳንዱን ለብቻው በጥብጡ፣ ካልሲየም ናይትሬቱን መጨረሻ ላይ ጨምሩ። ደረቁን አንድ ላይ ደባልቃችሁ በጥቂት ውኃ ብትበጠብጡት ካልሲየሙ ከሰልፌቱና ከፎስፌቱ ጋር ተያይዞ ነጭ ጭቃ ይሆንና ለተክሉ የሚተርፈው ነገር የለም። ይሄ ለሳይንስ ክበቡ ልጆች ጥሩ ትምህርት ነው፣ አንድ ጊዜ ሆን ብላችሁ በብርጭቆ አሳዩዋቸው።

ችግሩ ከረጢቱ ነው። በ25 ኪሎ ነው የሚሸጠው፣ እናንተ ለ500 ሊትር ከካልሲየም ናይትሬቱ የምትፈልጉት 300 ግራም ነው። በባቱ፣ በመቂና በቆቃ መስመር ችግኝ ወይም አበባ በግሪን ሃውስ የሚያመርቱ አሉ፣ ሁለት ሁለት ኪሎ እንዲሸጡላችሁ ወይም እንዲሰጧችሁ በትምህርት ቤቱ ደብዳቤ ጠይቁ። ካልሆነ ከሌሎች ትምህርት ቤቶች ጋር ተካፈሉ። እርጥበት ስለሚስብ በደንብ ታስሮ፣ ተቆልፎ፣ ከእሳትና ከነዳጅ ርቆ ይቀመጥ።

ውኃው የቧንቧ ይሁን። የከተማችሁ ቧንቧ ከአዋሽ ተጣርቶ የሚመጣ ነው፣ ክሎሪኑ እንዲለቅ ክፍት በርሜል ውስጥ አንድ ሌሊት አሳድሩት። የጉድጓድ ውኃ ቅርብ ቢሆንም አትጠቀሙ። የስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውኃ ፍሎራይድና ሶዲየም የሚበዛበት ነው፣ ፍሎራይዱ ወንጂ ላይ የሰውን ጥርስ እንዴት እንዳበለዘው ለአዳማ ሰው አልነግርም። ከዚያ ፒኤቹን (የብጥብጡን አሲድነት) ለኩ፣ በወረቀትም ይሁን በጠብታ፣ ግን ለኩ። ከ5.5 እስከ 6.5 መሆን አለበት። ከ7 በላይ ከሆነ ብረቱ ውኃው ውስጥ እያለ ተክሉ ሊወስደው አይችልም፣ አዲስ የሚወጣው ቅጠል ደም ሥሩ አረንጓዴ ሆኖ መሐሉ ቢጫ ይሆናል። ለማውረድ ጥቂት ፎስፎሪክ አሲድ ይበቃል፣ እሱን የሚይዘው መምህር ነው፣ ጓንትና መነጽር አድርጎ። ሎሚና ኮምጣጤም ያወርዳሉ፣ ግን በቀናት ውስጥ ተመልሶ ይወጣል።

ምን እንትከል ላላችሁት፣ ቲማቲምና ሽንኩርት አይታሰብም። ከመቂ፣ ከቆቃና ከወንጂ የሚወጣው አትክልት አፍንጫችሁ ሥር ነው የሚራገፈው፣ በዋጋ ልትወዳደሩት አትችሉም። ጎመንም እንደዚያው። የሚያዋጣችሁ ቶሎ የሚጠወልግ፣ ትኩስነቱ ዋጋ የሚያወጣ ነገር ነው፦ ቅጠሉ ዘርዘር ያለ ሰላጣ፣ በሶብላ፣ ናና። ኳስ የሚሠራውን ሰላጣ ተዉት፣ ሙቀት አይወድም። የሰላጣ ዘር ራሱ ከ30 ዲግሪ በላይ ከሞቀው እንቅልፍ ይወስደዋል፣ «ዘሩ የተበላሸ ነው» ተብሎ ይጣላል። እርጥብ ስፖንጅ ላይ ሳትቀብሩ አስቀምጡት፣ ቀዝቃዛ ክፍል ወለል ላይ ይሁን፣ ሲበቅል ወዲያው ወደ ብርሃን አውጡት። ጀሪካኖቹ ላይ ሼድ ኔት (ጥላ የሚሰጥ መረብ) ዘርጉ፣ በደንብ እሰሩት። ከከተማዋ ነፋስ መብራት የሚያመነጩት ያለ ምክንያት አይደለም።

ገንዘቡን እናስላ። 25 ጀሪካን፣ መቶ ራስ። ሃያው ይበላሻል ብላችሁ ያዙ። ሰማንያውን ለምሳሌ በ40 ብር ብትሸጡት 3,200 ብር ነው። ዘር፣ ማዳበሪያ፣ ሼድ ኔት፣ ቀለም፣ መለኪያ ሲቀነስ የመጀመሪያው ዙር እጃችሁ ላይ የሚያስቀረው ነገር ላይኖር ይችላል። በየወሩ ትሸጣላችሁ የተባለውም አይሆንም። ከዘር እስከ ሽያጭ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ነው፣ ክረምት ትምህርት ቤቱ ዝግ ነው፣ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ሙቀቱ ሰላጣውን ያስረዝመውና መራራ ያደርገዋል። በዓመት ሦስት ጥሩ ዙር ካገኛችሁ ጎበዞች ናችሁ። የሰውየውን 300 ተክል በዚሁ ስሌት ብታሰሉት በዙር 9,600 ብር ነው፣ ያውም ሁሉም ከተሸጠና መብራት ካልጠፋ። የጠየቀውን ዋጋ ለዚህ አካፍሉትና በስንት ዓመት እንደሚመለስ እዩ።

ስለዚህ ሰላጣውን እንደ ዋና ገቢ አትዩት። ገንዘብ ያለው ሕይወት ያለው ተክል ከነዕቃው መሸጥ ላይ ነው። ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ ልጆቹ ከየቤታቸው ያምጡ። አንገቱ ተቆርጦ ተገልብጦ ይገባበታል፣ ውስጡ ናና ወይም በሶብላ ይቀመጣል፣ ዙሪያው ብርሃን እንዳያስገባ ልጆቹ በሣሉበት ወፍራም ወረቀት ይጠቀለላል። ናና ዘር እንኳ አይፈልግም፣ ቅርንጫፉን ቆርጣችሁ ውኃ ውስጥ ብታቆሙት በሳምንት በአሥር ቀን ሥር ያወጣል። ወጪው ምንም ማለት ነው። የወላጆች ቀን ላይ ልጁ የሠራውን፣ ስሙ የተጻፈበትን ጠርሙስ የማይገዛ እናት ወይም አባት የለም፣ ዋጋውም የቅጠል ዋጋ ሳይሆን የስጦታ ዋጋ ነው። ያልተሸጠው አይበሰብስም፣ ለሚቀጥለው ሳምንት ይቆያል። ውኃው ሲያልቅባቸው ገዢዎቹ ቅዳሜ ጠርሙሱን ይዘው መጥተው በትንሽ ክፍያ ያስሞሉ፣ ብጥብጡን ግን በጠርሙስ አትሽጡ፣ አንዱ ሕፃን ውኃ መስሎት ይጠጣዋል። ተክል ባለበት ሃይላንድ ላይም «አይጠጣም» ተብሎ ይጻፍ።

ሰላጣውን ደግሞ ከመዝራታችሁ በፊት ሽጡት። ለወላጆች የትዕዛዝ ካርድ ስጡ፣ ግማሽ ክፍያ ተቀበሉ፣ የታዘዘውን ያህል ብቻ ትከሉ። ታኅሣሥ መጨረሻ የተዘራ የካቲት ውስጥ ይደርሳል፣ ሁዳዴ ሲገባ ሰላጣ የማይፈልግ ቤት ጥቂት ነው። አዳማ የስብሰባ ከተማ ስለሆነች ሆቴሎቹ ያጓጓሉ፣ ግን ሆቴል በየሳምንቱ እኩል መጠን ይፈልጋል፣ በመቶ ራስ አይሆንላችሁም፣ ብዙዎቹም በዱቤ ነው የሚወስዱት። ሰፈር ውስጥ ያለች ቁርስ ቤት ትሻላችኋለች። ብዙ ሰው አሜባ ፈርቶ ጥሬ ሰላጣ ትቷል፣ ይሄ የእናንተ ዕድል ነው፣ የሚሠራው ግን ልጆቹ እጃቸውን በሳሙና ታጥበው ከነካኩት ብቻ ነው። ገዢውም ቤቱ ሲደርስ እንዲያጥበው ንገሩት።

አንድ ነገር በግልጽ ልበል። ከግቢያችሁ ጥግ አፈር ያለው ሃያ ካሬ እንኳ ካለና ዓላማችሁ ገንዘብ ብቻ ከሆነ፣ በኮምፖስት የተተከለ ቆስጣና ለክረምት የሚሸጥ የፓፓያ ችግኝ ከማንኛውም ሃይድሮፖኒክስ የተሻለ ይከፍላችኋል። ጀሪካኑ የሚያሸንፈው ሲሚንቶ ላይ ነው፣ ልጆቹም ኬሚስትሪና ሒሳብ ስለሚማሩበት ነው።

ገንዘቡ በማንም ኪስ አይዙር። የወላጅ መምህር ኅብረቱ በቃለ ጉባኤ ይወስን፣ ብሩ በደረሰኝ ወደ ትምህርት ቤቱ ሒሳብ ይግባ፣ ልጅ ከክፍል ወጥቶ ሻጭ አይሁን፣ መንገድ ላይም አይላክ።

እንግዲህ እንዲህ አድርጉ። ኅዳር ላይ በአምስት ጀሪካንና በሠላሳ ሃይላንድ ጀምሩ፣ ወላጅ አታስዋጡ። የወላጆች ቀን ላይ ሽጡ። ያ ካለቀ 25 አድርሱት። ሰውየው እስከዚያ ተመልሶ ከመጣ፣ ቱቦው አንድ ሙሉ ዓመት፣ ክረምቱን ጨምሮ፣ የሠራበትን ትምህርት ቤት እንዲያሳያችሁ ጠይቁት፣ መጋቢት ላይ በቀትር ሂዱና ሥሩን አውጥታችሁ እዩ። ነጭ ከሆነና ፓምፑ ባትሪ ካለው እንነጋገር። ባትሪ ከሌለው ዋጋውን በግማሽ ቢቀንስላችሁም እንቢ በሉ።